ካምቢዮው ሲገባ

ይህን ጽሑፍ የምንጽፍላችሁ ከጋራዥ ግቢ ነው። እጃችን ገና ከዘይት አልጠራም።

መኪናችን አሮጌ ላንድሮቨር ነው። ላንድሮቨር መጀመሪያ ለሕዝብ የታየው በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ፣ በ1940 ዓ.ም. ነው። በፈረንጅ 1948 መሆኑ ነው። የኛው ሦስተኛው ዓይነት ነው። እሱ በፈረንጅ ከ1971 እስከ 1985 ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ ቀረ። ታዲያ አሮጌ ነው ብሎ ማን ይጥለዋል? እህል የምናመጣው በሱ ነው። የታመመ ሰው የምናደርሰውም በሱ ነው።

በክረምቱ ካምቢዮው ይጮህ ጀመር። ሦስተኛ ማርሽ ሲገባ ተመልሶ ይወጣል። ተከፍቶ ሲታይ የማርሹ ጥርስ አልቋል፤ ኩሽኔታው ተሰባብሯል። ስለዚህ ያገለገለ ካምቢዮ ገዛን።

ካምቢዮ ከጣልያንኛ የመጣ ቃል ነው። መለወጥ ማለት ነው። የሞተሩን ፍጥነትና ጉልበት እንደ መንገዱ የሚለውጠው እሱ ነው። አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ግን ከካምቢዮው ኋላ ሌላ ሳጥን አለው። ትራንስፈር ይባላል። ትራንስፈሩ ጉልበቱን ለሁለት ያካፍላል። አንድ ዘንግ ወደ ፊት ጎማዎች፣ አንድ ዘንግ ወደ ኋላ ጎማዎች ይሄዳል። ሁለቱ ሳጥኖች የተያያዙ ስለሆኑ አብረው ወጡ፤ አብረውም ገቡ።

አሁን የደነገጥንበትን እንንገራችሁ። ግቢው ወደ በሩ ያዘቀዝቃል። ሽማግሌው መካኒክ፣ «አራቱንም ጎማ በድንጋይ አስደግፉ» ብለውን ነበር። እኛ የእጅ ፍሬኑን ሳብንና ለአንድ ጎማ ብቻ ድንጋይ አደረግን። ይበቃል አልን። ረዳቱ ልጅ ከመኪናው ሥር ገባ። የኋላውን ዘንግ አራት ዳዶ ፈታ። ዘንጉ ሲላቀቅ መኪናው ተንቀሳቀሰ! ግማሽ እርምጃ ያህል ሄዶ በዚያች አንድ ድንጋይ ላይ ቆመ። የልጁ ራስ ከጎማው አንድ ክንድ አይርቅም ነበር።

ምን ሆኖ ነው? በብዙ መኪና የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። በዚህ ላንድሮቨር ግን ፍሬኑ ያለው ከትራንስፈሩ ጀርባ ነው። የሚይዘው ጎማውን ሳይሆን ዘንጉን ነው። ዘንጉ ከተፈታ ፍሬኑ ባዶ ብረት ይዞ ይቀራል። ማርሽ ማስገባትም አያቆመውም። አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ ስታነሱም እንዲሁ ነው። የተነሣው ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር መሬት ያለው ወደ ፊት ይሄዳል፤ ዲፈረንሻሉ ይፈቅድለታል። ሽማግሌው አልተቆጡም። ዝም ብለው ሦስት ድንጋይ አመጡ። ያ ዝምታ ከቁጣ ይከብድ ነበር።

የዚህ መኪና ካምቢዮ የሚወጣው በላይ በኩል ነው። ሸራውን ጠቀለልን። ወንበሩን ከነሣጥኑ፣ ወለሉንም አነሣን። ከሞተሩ ሥር ክሪክና እንጨት አደረግን፤ አለዚያ ካምቢዮው ሲለይ የሞተሩ ኋላ ይወድቃል። አሮጌው በሰንሰለት ወጣ። ይህ ግማሽ ቀን ፈጀ።

ማስገባቱ ነው ጭንቁ። ከካምቢዮው ፊት አንድ ባለ ጥርስ ዘንግ ይወጣል። እሱ በፍሪሲዮን ሸራው መካከል አልፎ ከቮላኖው መሐል ካለው ቀዳዳ መግባት አለበት። ሸራው ትንሽ ከመሐል ከተዛነፈ አይገባም። ስለዚህ አስቀድመን አንድ የተጠረበ እንጨት በቀዳዳው አስገብተን ሸራውን መሐል ላይ አቆምነው። ከዚያ የፍሪሲዮኑን ብሎኖች አጠበቅን።

ካምቢዮውን ቀስ አድርገን አስጠጋን። ጣት የሚያህል ክፍተት ሲቀረው እምቢ አለ። ልጁ ቁልፉን አነሣ።

«ጋሼ፣ በዳዶ ስቤ ልዝጋው?»

«ተው አንተ ልጅ! በዳዶ የሚሳብ በሬ ነው እንዴ?»

እውነታቸውን ነው። ክፍተት በዳዶ ከተዘጋ ወይ ሸራው ይጣመማል፣ ወይ የካምቢዮው ቤት ይሰነጠቃል። ካምቢዮው በሸራው ላይ ተንጠልጥሎ መቆየትም የለበትም፤ ክብደቱን ሰንሰለቱ ይያዝ። ሽማግሌው ማርሽ አስገቡ። የእጅ ፍሬኑ የተለቀቀ መሆኑን አዩ። ከዚያ ከትራንስፈሩ ኋላ ያለውን የፍሬን ከበሮ በእጃቸው ቀስ ብለው አዞሩ። ከበሮው ሲዞር የፊቱም ዘንግ ይዞራል። ጥርስ ከጥርስ ተገናኘ። ካምቢዮው ጠቅ ብሎ ገባ። ማንም አልገፋውም።

ዘይቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሁለቱ ሳጥኖች ዘይት አይዋዋሱም። ለካምቢዮው አንድ ሊትር ተኩል፣ ለትራንስፈሩ ሁለት ሊትር ተኩል፣ 90 ቁጥር ዘይት ለየብቻ ጨመርን። አንዱን ሞልቶ ሌላውን የረሳ በደረቁ ይፈጨዋል።

በማግሥቱ ወደ ጭቃው ዳገት ወጣን። ከማርሹ ዱላ አጠገብ ሁለት ሌሎች ዱላዎች አሉ። ቢጫው ወደ ታች ሲጫኑት የፊት ጎማዎችም ይጎትታሉ። ቀዩ ወደ ኋላ ሲሳብ ፍጥነቱ ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ጉልበቱ ከእጥፍ በላይ ይሆናል፤ አራቱም ጎማ ይሠራል። ቀዩ የሚሳበው መኪናው ፈጽሞ ሲቆም ብቻ ነው። ልጁ አቁሞ ሳበው። ላንድሮቨሩ እያጉረመረመ ዳገቱን ወጣ።

ከላይ አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ሽማግሌው «አቁም፣ ፍታው» አሉት። በደረቅ መንገድ በአራት ጎማ መሄድ ደግ አይደለም። መኪናው ሲታጠፍ የፊትና የኋላ ጎማዎች እኩል አይዞሩም፤ በዚህ ትራንስፈር ውስጥ ደግሞ ያንን የሚያስታርቅ ዲፈረንሻል የለም። ዘንጎቹ ይጨነቃሉ። ልጁ ቀዩን ወደ ፊት መለሰ፤ ቢጫው ዱላ ራሱ ብድግ አለ። ወደ ቤት የተመለስነው በሁለት ጎማ ነው። ስንደርስ ልጁ ሳይነገረው ወርዶ ድንጋይ ፈለገ።