«አንዷ ጌም ባታበላሸው ኖሮ…»

ቅዳሜ ምሽት የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ሊያበቁ ደቂቃዎች ሲቀሯቸው በአዲስ አበባ ዲኤስቲቪ ቤቶች ሁለት ዓይነት ተመልካች ይታያል። አንደኛው ዓይኑን ስክሪኑ ላይ ተክሎ ክለቡ እንዲያሸንፍለት የሚለማመን ነው። ሌላኛው ግን አንዴ ስክሪኑን፣ አንዴ እጁ ላይ ያለችውን ትኬት ያያል። ለየትኛው ቡድን መደገፍ እንዳለበት የምትነግረው ትኬቷ ናት። ከአስሩ ጨዋታ ዘጠኙ ገብተውለታል፤ የቀረችው አንዲት ጌም ብቻ ነች። በጭማሪው ሰዓት አቻ የምታደርግ ጎል ትቆጠራለች። ቤቱ በጩኸት ይናጋል። እሱ ግን ትኬቷን ጨምድዶ ይጥልና በየሳምንቱ የሚላትን ዛሬም ይላታል። «አንዷ ጌም ባታበላሸው ኖሮ!»

ይህቺን አባባል ያልሰማ የኳስ አፍቃሪ የለም። ችግሩ አባባሏ ውሸት መሆኗ ነው። ትኬቱን ያበላሸችው አንዷ ጌም አይደለችም፤ ገና ሲቆረጥ ሂሳቡ ራሱ የተበላሸ ነበር። እንዴት? ስሌቱን ቁጭ ብሎ ማየት ነው።

አንድ ጨዋታ እንውሰድ። ለባለሜዳው 1.80፣ ለአቻ 3.50፣ ለእንግዳው ቡድን 4.20 ኦድ ወጣ እንበል። አንድን ለእያንዳንዱ ኦድ ሲያካፍሉት 55.6፣ 28.6 እና 23.8 በመቶ ይመጣል። ሲደመር 108 ነው። የእውነተኛ ዕድሎች ድምር ግን 100 ላይ ነው መቆም ያለበት። ትርፏ 8 ከየት መጣች? የአወራራጁ ድርጅት ድርሻ ናት። ማን ያሸንፍ ማን፣ በአማካይ ከ100 ብር ውስጥ 7 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ እዚያው ትቀራለች ማለት ነው። ለአንድ ጨዋታ ይሄ ያን ያህል የሚያስደነግጥ አይመስልም።

ነገር የሚበላሸው ጨዋታ ሲደራረብ ነው። አስር ጨዋታ እያንዳንዱ በ1.50 ኦድ ቢመረጥ፣ ኦዶቹ ተባዝተው 57.67 ገደማ ይሆናሉ። በ20 ብር ትኬት 1,153 ብር! ያጓጓል። ግን ኦዱ ብቻ ሳይሆን ያቺ የአወራራጁ ድርሻም አብራ አስር ጊዜ ትባዛለች። እናም ለአስር ጌም ትኬት ከተከፈለ 100 ብር በአማካይ ወደ ተወራራጆች የሚመለሰው 46 ብር ገደማ ብቻ ነው። ከግማሽ በላዩ ቀርቷል።

በሰው ቁጥር ሲታይ ደግሞ ይብሳል። እንዲህ ያለውን ትኬት 1,000 ሰው እያንዳንዱ በ20 ብር የራሱን ጨዋታዎች መርጦ ቢቆርጥ 20,000 ብር ይሰበሰባል። አስሩም የሚገቡላቸው በአማካይ 8 ሰዎች ናቸው። በአንዷ ጌም ብቻ የሚወድቁትስ? 50 ያህል! ለአንድ አሸናፊ ስድስት ሰው «አንዷ ጌም ባታበላሸው ኖሮ» እያለ ወደ ቤቱ ይገባል። በማግስቱም «ትናንት ለጥቂት ነው የሳትኩት» ብሎ ተመልሶ ይቆርጣል። ለጥቂት መሳት ለማሸነፍ መቃረብ አይደለም። የአስር ጌም ትኬት በየሳምንቱ የሚያመርተው ውጤት እሱ ነው። አበው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያሉት ይሄንን ሳያዩ ነው።

አሸናፊውም ቢሆን ሁሉንም ይዞ አይሄድም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ጨዋታ በሚገኝ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሎ ነበር፤ ነፃ ያደረገው ከ1,000 ብር በታች የሆነውን ነው። በዚህ መጠን ከ1,153 ብሩ 173 ብር ሲቀነስ እጅ ላይ የሚቀረው 980 ብር ነው።

ታዲያ ገንዘብን በዘዴ መያዝ ይህንን ይለውጠዋል? ብዙ ወጣቶች ዘዴ የሚሉት የተበላውን በእጥፍ ማስያዝ ነው። ሃምሳ ብር ከተበላ 100፣ እሱም ከተበላ 200 እያሉ መቀጠል። አንድ ቀን መግባቱ አይቀርም ነው ነገሩ። ስድስት ጊዜ በተከታታይ ቢበላ ግን የወጣው ገንዘብ 3,150 ብር ደርሷል። ለሰባተኛው ሙከራ ሌላ 3,200 ብር ያስፈልጋል። ይሄ ሁሉ የሚደረገው በ2.00 ኦድ 50 ብር ለማትረፍ ነው! በሳንቲም ውርወራ ዕድል እንኳን ቢታሰብ ከስድስት ውርርድ ስድስቱም የሚበሉት ከ64 አንዴ ነው። በየሳምንቱ ለሚወራረድ ሰው ደግሞ ያቺ አንዴ ሩቅ አይደለችም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሏል ይሄ ነው።

የዓለም ቁማርተኞች የሚያከብሩት ቀመር ሌላ ነው። በአሜሪካ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪ የነበረው ጆን ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጣው ጽሑፍ ከአንድ ሰው ገንዘብ ውስጥ በአንድ ውርርድ ምን ያህሉ መያዝ እንዳለበት የሚያሰላ ቀመር አቅርቧል። ቀመሩን በ1.50ው ኦድ ላይ እንሞክረው። ቡድኑ የማሸነፍ ዕድሉ 62 በመቶ ቢሆን ውጤቱ ከዜሮ በታች ነው የሚመጣው። ባጭሩ «አንድም ብር እንዳትይዝ» ማለት ነው። ቀመሩ ያዝ የሚለው የቡድኑን ዕድል አወራራጁ ካወጣው ኦድ በተሻለ የሚያውቅን ሰው ብቻ ነው። አወራራጆቹ ደግሞ ኦድ ማውጣት ሥራቸው የሆነ ባለሙያዎች አሏቸው።

«ሌስተርስ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015/16 የውድድር ዘመን መጀመሪያ ላይ ለሌስተር ሲቲ ዋንጫ 5,000 ለ1 ተሰጥቶ ነበር። የክላውዲዮ ራኔሪ ቀበሮዎችም ዋንጫውን አነሱ። 50 ፓውንድ አስይዞ የነበረ አንድ ደጋፊ ሊጉ ሳያልቅ 72 ሺህ ፓውንድ ገደማ ተቀብሎ ወጥቷል። እስከ መጨረሻው ቢጠብቅ 250 ሺህ ይደርሰው ነበር። ግን ይሄ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚወራው ብርቅ ስለሆነ ነው። በብርቅ ነገር ደግሞ የወር ወጪ አይሸፈንም።

ኳስን ከማንም በላይ እናውቃለን የሚሉትስ? የሰሜን አየርላንዱ የክንፍ ተጫዋች ኪት ጊሌስፒ እ.ኤ.አ. በጥር 1995 አንዲ ኮል ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲሄድ የዝውውሩ አካል ሆኖ ኒውካስል የገባ ልጅ ነበር። በዚያው ዓመት በፈረስ ውድድር በአንድ ቀን ብቻ 47 ሺህ ፓውንድ ተበልቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ ኪሳራ ታውጆበታል። ለዚያ ያበቃው ውርርድ ብቻ ባይሆንም የሚሊዮኖች ደመወዝ እንኳን ልክ የሌለውን ኪስ እንደማይሞላ አሳይቷል። ያኔ የብሬንትፎርድ ተጫዋች የነበረው ኢቫን ቶኒ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022/23 በሊጉ 20 ጎል ባስቆጠረበት የውድድር ዘመን፣ በግንቦት 2023፣ 232 የውርርድ ደንብ ጥሰት ተቆጥሮበት ለስምንት ወር ታግዷል። ጉዳዩን ባየው ኮሚሽን ፊት የቀረበው የሐኪም ማስረጃ ቶኒ የቁማር ሱስ እንዳለበት ያሳይ ነበር።

እንግዲህ እውነቱ ይሄ ከሆነ የገንዘብ አያያዝ ጥቅሙ አንድ ነው። አያበለጽግም፤ ግን የሚጠፋውን ይገድባል። ለውርርድ የሚወጣ ብር እንደ ስታዲየም መግቢያ ዋጋ ነው መታየት ያለበት። ስታዲየም የገባ ሰው ሲወጣ መግቢያዬ ይመለስልኝ አይልም።

መጀመሪያ የቤት ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ትራንስፖርትና እቁብ ይነሳሉ። ከዚያ በኋላ ለመዝናኛ ከሚተርፈው ላይ የወሩ መጠን ይቆረጣል። ምንም ካልተረፈ መጠኑ ዜሮ ነው። 300 ብር ቢሆን በ20 ብር ሂሳብ አስራ አምስት ትኬት ነው፤ በሳምንት ሦስት ወይም አራት። በሁለተኛው ሳምንት ካለቀ ኳስ በነፃ ይታያል። ትኬቱ የሚቆረጥበት ብር ቡድኑ «እርግጠኛ» ስለሆነ አይጨመርም፣ ስለተበላም አይጨመርም። የተገኘ ካለ ወደ ባንክ ወይም ወደ እቁብ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ ትኬት አይሆንም። የተበደረ ብር፣ የሰው አደራና የትምህርት ቤት ክፍያ ጭራሽ አይነኩም።

ሌላው ደብተር ነው። ሰው ያሸነፈበትን ቀን ለጓደኞቹ ደጋግሞ ያወራል፤ የተበላበትን ግን ይረሳዋል። ደብተር አይረሳም። የወጣውንና የገባውን ለሦስት ወር የጻፈ ሰው ምን ያህል እንደከሰረ ሌላ ሰው እንዲነግረው አያስፈልገውም።

መጠን አውጥቶ በየወሩ የሚጥስ፣ ለቤተሰቡ የሚዋሽ፣ ሞባይሉን አስይዞ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ግን ጉዳዩ ከገንዘብ አያያዝ አልፏል። ለእሱ የሚሻለው ጨርሶ ማቆም፣ ለሚያምነው ሰው መናገርና የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ነው። ይሄ ሽንፈት አይደለም።

ቅዳሜ ተመልሶ ይመጣል። ዲኤስቲቪ ቤቱም ይሞላል። አንዲት ጌም የአንድን ሰው ትኬት ማበላሸቷ አይቀርም። ዋናው ነገር ከትኬቷ ጋር የወሩ አስቤዛ አብሮ አለመበላሸቱ ነው።