አትንኩ የተባሉት ተማሪዎች

በ1820ዎቹ ፓሪስ ውስጥ አንድ የፒያኖ ቃኚ ከደንበኛው ጋር ተቀያየመ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ደንበኛው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ተቋም ነው። ሰውየው በየጊዜው እየመጣ የተቋሙን ፒያኖዎች ይቃኛል፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ሥራው አልጥም ስላላቸው እሱ ዞር ሲል ክዳኑን ከፍተው ራሳቸው ያስተካክሉት ጀመር። ቃኚው ይህን ሲሰማ ለዳይሬክተሩ አቤት አለ። ዳይሬክተሩም ከባለሙያው ጎን ቆመው የፒያኖውን ሆድ ዕቃ ማንም ተማሪ እንዳይነካ ከለከሉ።

ከተከለከሉት አንዱ ክሎድ ሞንታል ነበር። በ1800 ላ ፓሊስ በምትባል የፈረንሳይ ትንሽ ከተማ ከኮርቻ ሰፊ አባት ተወለደ፤ ገና ሕፃን ሳለ በታይፎይድ ዓይኑን አጣ። ፓሪስ መጥቶ ተቋሙ ውስጥ ተማረ፣ ቆይቶም ታናናሾቹን ማስተማር ያዘ። በጣት የሚነበበውን ጽሑፍ የፈጠረው ሉዊ ብሬይል ያን ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ያ ግቢ ምን ዓይነት ልጆች ሰብስቦ እንደነበር አስቡት!

ሞንታልና አንድ ጓደኛው፣ እሱም ዓይነ ስውር፣ ትእዛዙን አልጣሱትም፤ ዞሩት። የተቋሙን አትንኩ ከተባልን የራሳችንን እንነካለን ብለው አንድ አሮጌ ፒያኖ አገኙ። ፈቱት። መልሰው ገጠሙት። ደግመው ፈቱት።

ጣታቸው ምን እንዳገኘ መገመት አይከብድም፤ ዛሬም የቤቱን ፒያኖ የፊት ሳንቃ ያነሳ ሰው የሚያገኘው ያንኑ ነው። ለሚያይ ሰው ውስጡ መዓት እንጨትና ሽቦ ስለሆነ ያስደነግጣል። ለሚዳስሰው ግን ያው አንድ ሥራ ነው፤ በዚያ ዘመን ፒያኖ ላይ ከ70 ጊዜ በላይ፣ በዛሬው ላይ 88 ጊዜ የተደገመ። የአንዱን ቁልፍ አሠራር የጨበጠ የሁሉንም ጨበጠ ማለት ነው። ደግሞ ከተበላሸው ቁልፍ አጠገብ ሁልጊዜ ጤነኛ ጎረቤት አለ። ምን እንደጎደለ ለማወቅ ሁለቱን እየዳሰሱ ማወዳደር ይበቃል። ለእኔ የሞንታል እውነተኛ ግኝት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ተጭኖ የማይመለስ ቁልፍን እንውሰድ። በቤት ፒያኖ ላይ ከሚደርሱት ብልሽቶች የተለመደው እሱ ነው፤ የአዲስ አበባ ክረምትም በደንብ ያውቀዋል። ቁልፉ ረጅም የእንጨት ዘንግ ነው፣ እኛ የምናየው ጫፉን ብቻ ነው። መሃሉ ላይ አንድ ቀጭን ብረት ያልፍበታል፤ በዚያ ላይ እንደ ሚዛን ከፍ ዝቅ ይላል። ከፊት በኩል ከሥሩ ሌላ ብረት አለ፣ ወደ ግራና ቀኝ እንዳይዋልል የሚይዘው። ብረቶቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች እንዳይንኳኩ ጎናቸው በሱፍ ጨርቅ ተለብጧል። እርጥበት ሲመጣ እንጨቱም ጨርቁም ያብጥና ብረቱን አንቆ ይይዘዋል።

ምርመራው ቀላል ነው። ቁልፉን በሁለት ጣት ይዞ ወደ ጎን ማነቃነቅ። ጤነኛው ለአመል ያህል ይንቀሳቀሳል፤ የታነቀው ፍንክች አይልም። ቁልፉ ደህና ከሆነ ደግሞ ሽቦውን የሚመታውን መዶሻ በጣት ወደ ሽቦው ገፋ አድርጎ መልቀቅ ነው። ጎረቤቶቹ ቶሎ ሲመለሱ እሱ ብቻ ከዘገየ፣ ጥፋቱ መዶሻው ከሚዞርበት ከትንሿ ማጠፊያ ስለሆነ ባለሙያ ይጠራ። ሁለቱም ጤነኛ ከሆኑ በቁልፎቹ መካከል የገባ ሳንቲም ወይም የእርሳስ ስባሪ ይፈለግ፤ ልጆች ባሉበት ቤት እንዲያውም ከዚህ ቢጀመር ይሻላል።

ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ እጁ ወደ ዘይት ይሄዳል። ዘይት ጠላት ነው። ጨርቁ ውስጥ ይሰርጋል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ የነበረው ችግር አሥር ይሆናል። የታነቀውን ቁልፍ አውጥቶ፣ የቀዳዳውን ጨርቅ አፉ ለስላሳ በሆነ ፒንሳ ጫን ጫን ማድረግና መልሶ መሞከር ይበቃል። ጨርቁ አንዴ ከመጠን በላይ ከተጫነ ስለማይመለስ በጥቂቱ መሄድ ነው።

ቅኝቱ ሌላ ጣጣ ነው። ከዶ ተነስታችሁ ሶልን፣ ከሶል ሬን እያላችሁ በአምስተኛ ድምፅ አሥራ ሁለት ጊዜ አጥርታችሁ ብትሄዱ፣ ከሰባት ኦክታቭ በኋላ ተመልሳችሁ ዶ ላይ ማረፍ ነበረባችሁ። አታርፉም፤ የግማሽ ድምፅ ሩብ ለሚያህል ታልፉታላችሁ። ክራር የሚቃኝ ሰው ይህ አያስጨንቀውም፤ ፒያኖ ግን ከየትኛውም ቁልፍ ተነስተው እንዲጫወቱበት ስለተፈለገ፣ ትርፉ ለአሥራ ሁለቱም ተከፋፍሎ እያንዳንዱ በጥቂቱ መጥበብ አለበት። ምን ያህል? ሁለቱ ድምፆች አብረው ሲሰሙ በዝግታ እስኪርገበገቡ። ያን ርግብግብታ የሚለየው ጆሮ ነው፤ እዚህ ላይ ሞንታል ከማንም አላነሰም።

ዳይሬክተሩ በመጨረሻ ተረቱ። ፒያኖዎቹ ለሁለቱ ተማሪዎች ተሰጡ፣ የጸሎት ቤቱንም ኦርጋን ጠገኑት። ሞንታል በ1830 ተቋሙን ለቆ በፓሪስ ቃኚነት ጀመረ። መጀመሪያ ላይ የሚያምነው አጣ፤ ፒያኖዋን ለማያይ ሰው የምትሰጥ እመቤት ከየት ትምጣ? ሥራውን የሰሙ ሙዚቀኞች ግን ይዘውት ቀሩ።

በ1836 መጽሐፍ አሳተመ፤ ርእሱ ፒያኖን ራስ የመቃኘት ጥበብ የሚል ነው። የርእሱ ረጅም ተቀጥላ በመሣሪያው ላይ የሚደርሱ ብልሽቶች እንዴት እንደሚጠገኑም እንደሚያስተምር ይናገራል። አንድ ቃኚ በአቤቱታ ሊያስጠብቀው የሞከረውን ሙያ፣ በዚያው ሙያ እንጀራውን የሚበላ ሌላ ቃኚ ለገዛ ሁሉ ዘረገፈው። ገበያው የቀረበት አይመስልም፤ በኋላ በራሱ ስም ፒያኖ እስከ መሥራት ደረሰ፤ በ1865 ሞተ።

ዛሬ አንድ ፒያኖ ላይ 230 ያህል ሽቦዎች በድምሩ 18 ቶን በሚጠጋ ኃይል ተወጥረው ስለሚኖሩ፣ ቅኝቱን ለባለሙያ መተው ይሻላል። ባለሙያው ማየት የተሳነው ቢሆን በአውሮፓ ማንንም አያስገርምም ነበር፤ ከሞንታል በኋላ ቅኝት የዓይነ ስውራን የታወቀ ሙያ ሆነ፣ ለንደን ውስጥ በ1872 የተከፈተው የዓይነ ስውራን ኮሌጅም ከሚያስተምራቸው ሙያዎች አንዱ አደረገው።