የምሁራን ክርክርና የኮኪት ገበሬ

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላል የአገራችን ሰው። በኢንተርኔት ዘመን ደግሞ ከጣት የወጣ ነገር አፋፍ ላይ አይቆምም፤ ድንበር ይሻገራል። ይህን ማለቴ ምሁራን በኢሜይልና በማኅበራዊ ድረ ገጽ ሲከራከሩ ሊጠብቁት ስለሚገባ ጨዋነት ጥቂት ለማለት ነው። ምሳሌዬ የኢትዮጵያና የሱዳን ወሰን ነው።

በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሱዳን ጦር ወደ አልፋሽጋ ሲገባ የሁለቱ አገሮች የታሪክና የሕግ ሰዎችም በየስልካቸውና በየኮምፒዩተራቸው ተሟገቱ። የሙግቱ መሠረት ሦስት ሰነዶች ናቸው። አንደኛው ዳግማዊ ምኒልክና ብሪታንያ በግንቦት 1894 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተፈራረሙት ውል ነው። ሁለተኛው የብሪታንያው ሻለቃ ግዊን በ1895 ዓ.ም. ያሰመረው መስመር ነው። ሦስተኛው በ1964 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት የተለዋወጡት ደብዳቤ ነው። በእኛ ወገን «ግዊን ወሰኑን ሲያካልል የኢትዮጵያ ወኪል አልነበረም» ይባላል። በሱዳን ወገን ደግሞ «የ1964ቱ ደብዳቤ መስመሩን ተቀብሏል» ይባላል።

ልብ በሉ፤ ሁለቱም መከራከሪያዎች ሰነድ ተገልጦ ሊመረመሩ የሚችሉ ናቸው። አንዱ ምሁር «ደብዳቤው የሚለው ይህን ነው» ሲል ሌላው «ባንዳ» ወይም «የግብፅ ተላላኪ» ብሎ ከመለሰ ግን ክርክሩ እዚያው አበቃ። ስድብ የሰነድ ምላሽ አይሆንምና።

ታዲያ ሙያዊ ጨዋነት ምንድን ነው? በእኔ አስተያየት አራት ነገር ነው። የተቃዋሚን ሐሳብ ባለቤቱ «አዎን፣ ያልኩት ይህንኑ ነው» በሚልበት መልክ ማቅረብ፤ ስሕተት ሲገኝ ለአለቃው በግልባጭ ከማሳወቅ በፊት ለራሱ መጻፍ፤ በግል የተላከ ደብዳቤን ያለ ፈቃድ ለሌላ አለማስተላለፍ፤ በአደባባይ የተሳሳቱትን በአደባባይ ማረም። «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለየው ቋንቋችንም ያግዘናል። «እርስዎ ያቀረቡት ማስረጃ አያሳምነኝም» ማለት እጅግ የከረረ ተቃውሞ ነው፤ ክብር ግን አልነካም።

ሕጉም ቢሆን ለምሁር ቦታ ሰጥቷል። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የትምህርትና የሳይንሳዊ ምርምር አካል የሆነን ንግግር ከክልከላው ውጭ አድርጎታል። ጥበቃው ግን ለምርምሩ እንጂ ለማዕረጉ አይደለም። ዶክተር ስለተባሉ ብቻ ሕዝብን በጅምላ መዝለፍ አይፈቀድም። ግለሰብን በሐሰት ያጠፋም በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2044 መሠረት ሊጠየቅ ይችላል።

ይህ ሁሉ ኮኪትን ምን ይመለከታታል? ኮኪት ከገንዳ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ገበሬዋ ሰሊጥ ያመርታል፤ ድንበሩ ሲዘጋ ገበያው ይቀዘቅዛል። የፕሮፌሰሩ ሐረግ ማስረጃው ተገፎ፣ ስድቡ ብቻ ቀርቶ እርሱ ስልክ ላይ ሲደርስ፣ ማዶ ያለውን ደንበኛውን በጥርጣሬ እንዲያይ ያደርገዋል። አዲስ አበባና ካርቱም የተቀመጠው ተከራካሪ የማይከፍለውን ዋጋ የሚከፍለው እርሱ ነው።

ሌላም አለ። በዚያ ቆላ የሰሊጥ አጫጆችን የሚያጠቃው ካላዛር በሱዳን በኩልም አለ፤ በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ፓስፖርት አትጠይቅም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች በሽታውን ያክማሉ፣ ይመራመራሉም። በወሰን ጉዳይ ተሰዳድበው የተኳረፉ ምሁራን ነገ ስለ በሽተኛ ለመጻጻፍ ይቸግራቸዋል።

ጨዋነት መለሳለስ አይደለም። ክርክሩ ይክረር፤ የሚከረው ግን በሰነዱ ላይ ይሁን።