ሶላት ላይ ሐሳብ ሲበታተን፦ የኢማን ድክመት ነው ወይስ የጤና ጉዳይ?



«ዶክተርዬ፣ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ ሶላት ላይ ቆሜ የማስበው ስለ ሽንኩርት ዋጋ ነው።»

ይህን ያለችኝ ሦስተኛ ልጇን ከወለደች ሁለት ወር ያልሞላት እናት ናት። (እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፤ ማንነቷን የሚገልጹ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) መጀመሪያ የመጣችው ራስ ምታትና የልብ ትርታ መፍጠን አስቸግሯት ነበር። የዚያን ቀን ወረፋው ረጅም ነው። ግፊቷን ለካሁ፣ የደም ማነስ አለመኖሩን አየሁ፣ ማስታገሻ ጻፍኩላትና «እረፍት አድርጊ» ብዬ ሸኘኋት። የሦስት ልጆች እናትን «እረፍት አድርጊ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያኔ አላሰብኩበትም።

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሳ መጣች። የሽንኩርቱን ነገር ያነሳችው ያኔ ነው። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቋ ሳያልቅ ግን እንባዋ መጣ። «ኢማኔ የደከመ መሰለኝ» አለችኝ።

እኔ ኡስታዝ አይደለሁም፤ የዲን ጥያቄ ለሚያውቁት ነው። ግን ሐኪምም ሙስሊም ሴትም ስለሆንኩ፣ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ስለሚመጣልኝም፣ ዛሬ ስለሱ እንነጋገር።

1. ሐሳብ መበታተን በሽታ ነው?

በራሱ አይደለም። የሰው አእምሮ ሥራው መንከራተት ነው። እኔም የሌሊት ተረኛ ሆኜ ዒሻእ ስሰግድ «ይሄ ሦስተኛው ረከዓ ነው አራተኛው?» ብዬ የጠፋብኝ ቀን ብዙ ነው።

ማይንድፉልነስ የሚባለውን ነገር ሰምታችሁ ይሆናል። ወደ ሕክምና በሰፊው የገባው እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ተመራማሪ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕመምተኞች ስልጠና ሲጀምሩ ነው። ብዙ ሰው አእምሮን ባዶ ማድረግ ይመስለዋል። አይደለም! ሐሳብ መሄዱን ማወቅና ራስን ሳይሰድቡ መመለስ ነው። ስልጠናው እሱ መመለሱ ነው።

ይህ ከኹሹዕ ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም። ኹሹዕ ኢባዳ ነው፣ ፊቱ ወደ አላህ ነው። ሁለቱም ግን አንድ አቅም ይፈልጋሉ፦ ያለንበት ቦታ መገኘት። ይህ አቅም ደግሞ በልምምድ ይዳብራል፣ በድካምና በእንቅልፍ እጦት ይዳከማል።

2. ሰውነት ውስጥ ምን ይሆናል?

ትንፋሻችንን ረዘም አድርገን ስናወጣ ቬገስ የሚባለው ነርቭ ለልብ «ተረጋጊ» የሚል መልእክት ይልካል፣ የልብ ምት ቀስ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማሌዥያ ውስጥ በ30 ጤነኛ ሙስሊም ወንዶች ላይ የታተመ ጥናት፣ በሶላት ሰዓት ሰውነትን የሚያረጋጋው የነርቭ ክፍል ሥራ መጨመሩን አሳይቷል። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ሴቶችም አልተካተቱበትም፤ ስለዚህ «ሶላት መድኃኒት ይተካል» አይልም። አቅጣጫውን ግን ያሳያል።

እንዲህ ሞክሩት፦

• ውዱእ ስታደርጉ ስልኩ ሌላ ክፍል ይሁን። የውሃውን ቅዝቃዜ ከእጅ እስከ እግር ልብ በሉት።
• ከተክቢራ በፊት ሦስት ጊዜ ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ፤ የምታስወጡት ከምታስገቡት ይርዘም።
• ሱጁድ ላይ አትቸኩሉ። ሽንኩርቱ ሲመጣ «መጣ» በሉና ወደምትሉት ቃል ተመለሱ። ራሳችሁን አትሳደቡ።

3. የእጅ ሥራስ?

ይህች እናት ከእናቷ የተማረችው የአለላ ስፌት ነበራት። ሰንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች፣ ቀለሙን እየቆጠረች ማምሸት ትወድ ነበር። «አሁንስ?» አልኳት። «ወስፌውን ሳየው ራሱ ይደክመኛል» አለች።

ስፌት፣ ሹራብ፣ ጥልፍ፣ ሂና መሳል ዓይንና እጅን አንድ ቦታ ያውላሉ፤ ጭንቀት የሚያብሰለስለው አእምሮ መያዣ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ በ39 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ለ45 ደቂቃ ሲስሉና የእጅ ሥራ ሲሠሩ ከአራቱ ሦስቱ ያህል ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞናቸው ቀንሶ ተገኝቷል። ልምድ ያለውና የሌለው ልዩነት አልነበረውም። ስለዚህ «እኔ ባለሙያ አይደለሁም» አትበሉ። የሚሸጥ ነገር መሥራትም ግድ አይደለም።

ልብ በሉ፦ ደስ ይላችሁ የነበረ ነገር ጣዕሙን ሲያጣ ዝም ብሎ ስንፍና ላይሆን ይችላል። ከድባቴ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሳልጠይቃት የቀረሁት ይህንን ነበር።

4. የኒፋስ ጊዜ ለምን ከባድ ሆነ?

በኒፋስ ጊዜ ሶላት የለም። ቀኑን አምስት ቦታ ከፍሎ ይይዘው የነበረው ነገር ድንገት ይቆማል። በዚያው ሰሞን ሆርሞን ይወርዳል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ቤቱ በእንግዳ ይሞላል። የሚሰማትን ባዶነት እናትየዋ «ከአላህ ራቅኩ» ብላ ትተረጉመዋለች። ወደ ሶላት ስትመለስም የድሮው ስሜት ሳይመጣ ሲቀር ፍርሃቷ ይጨምራል። ስሜቱ ግን ሕመም ሊሆን ይችላል።

በነዚህ ሳምንታት ዚክርና ዱዓ አሉ። በሶላቱ ሰዓት አምስት ደቂቃ ቁጭ ብሎ፣ በረጋ ትንፋሽ ዚክር ማድረግ ቀኑን ቅርጽ ይሰጠዋል። በወር አበባ ቀናትም እንዲሁ።

ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ማልቀስና መከፋት የተለመደ ነው፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል። ካላለፈ ግን ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

5. መቼ ወደ ሐኪም እንሂድ?

• መከፋት ወይም ደስታ ማጣት ከሁለት ሳምንት በላይ ሲቆይ
• ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ እምቢ ሲል
• የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ፣ ጥፋተኝነት ሲበዛ
• ከልጁ ጋር መቀራረብ ሲያቅት

ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ መስማት፣ ራስን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ካለ ነገ አይባልም፤ ዛሬውኑ፣ ብቻዋን ሳትተዋት፣ ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዷት።

ሐኪም ጋ መሄድ ተወኩልን አይቀንስም። እ.ኤ.አ. በ934 ያረፉት ሙስሊሙ ሊቅ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ስለ ሰውነትና ስለ ነፍስ ጤና በአንድ መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ሰውነት እንደሚታመመው ሁሉ ነፍስም ትታመማለች፣ ሁለቱም ሕክምና ይሻሉ ብለው። ይህ ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ነው!

ያቺ እናት የታይሮይድ ምርመራም አደረገች፣ ደህና ነበር። የምክር ሕክምና ጀመረች፣ ለምታጠባ እናት የሚሰጥ መድኃኒትም ታዘዘላት። ባሏ የሌሊቱን ፈረቃ ተካፈለ፤ አማቷም ረዷት። ከሦስት ወር በኋላ ለክትትል ስትመጣ «ሽንኩርቱስ?» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አሁንም ይመጣል» አለች እየሳቀች። «ግን ሲመጣ አውቀዋለሁ። ስፌቷንም ጀምሬያለሁ፤ ገና ወለሉ ላይ ነኝ።»

ይህን ጽሑፍ በቅርብ ለወለደች እህታችሁ፣ ለባሏም ጭምር ሼር አድርጉት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የግል የሆነውን በውስጥ መስመር።

መልካም ጤና!