ከኮንቴይነሩ ወጥቶ በመጀመሪያው ሰሃን

መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት አንድ የጭነት መኪና ተይዞ ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው፣ 14 በሕይወት ተገኙ። የተሻገሩት ከማላዊ ነበር። በሆሳዕና፣ በዱራሜና በሺንሺቾ ይህን መንገድ የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል፦ ሞያሌ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ማላዊ፣ ሞዛምቢክ፣ ከዚያ ደቡብ አፍሪካ።

በዚያ ኮንቴይነር ውስጥ የሚሆነውን በእርሳስ ማስላት ይቻላል። ትንሹ መደበኛ ኮንቴይነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ቁጭ ያለ ሰው በደቂቃ ሩብ ሊትር ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ 78 ሰው 20 ሊትር ገደማ። በሩ አየር ካላስገባ ከአየሩ አሥር በመቶው ይህ ጋዝ ለመሆን ሦስት ሰዓት አይፈጅበትም። በዚያ መጠን ሰው በደቂቃዎች ራሱን ይስታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የተረፉት ናቸው። በዚህ መስመር የተያዘ ስደተኛ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያርፈው በገጠር ፖሊስ ጣቢያ ነው። ነርስ የለም፣ አምቡላንስ ሩቅ ነው። ከደላላ ቤት ወደ ጫካ፣ ከጫካ ወደ መኪና ሲንከራተት ሳምንታት በረሃብ ያለፉበት ልጅ ነው። አንድ ደግ ፖሊስ አዝኖለት ሰሃን ሙሉ ኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ያቀርብለታል። ልጁም ይጨርሰዋል። አደጋው የሚጀምረው ያኔ ነው።

የተራበ ሰውነት ስቡንና ጡንቻውን እያቃጠለ ይቆያል። በዚህ ጊዜ በሴሎቹ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ይመናመናል፤ የደም ምርመራ ግን ደህና ሊያሳይ ይችላል። ብዙ ስታርች በአንዴ ሲገባ ኢንሱሊን ይነሳና እነዚህን ማዕድናት ከደም ወደ ሴል ይስባቸዋል። በደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ሲወርድ የልብ ምት ይዛባል፣ የመተንፈሻ ጡንቻም ይደክማል። ከስታርቹ የሚገኘውን ስኳር ለማቃጠል የሚያስፈልገው ቫይታሚን ቢ1 (ታያሚን) ካለቀ ደግሞ አእምሮ ይጎዳል። ሐኪሞች ይህን ሪፊዲንግ ሲንድረም ይሉታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በፊሊፒንስ እጃቸውን ከሰጡ የተራቡ የጃፓን ወታደሮች መካከል ምግብ እየቀረበላቸው የሞቱ ነበሩ።

መከላከያው ውድ አይደለም። ከምግብ በፊት ታያሚን ይሰጣል፣ ከዚያ ጥቂት በጥቂቱ መመገብ። አደጋ ላይ ላለ ሰው የሚመከረው መነሻ በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት ከ10 ካሎሪ አይበልጥም። ከስቶ 45 ኪሎ የደረሰ ወጣት ሙሉ ቀን 450 ካሎሪ ይበቃዋል ማለት ነው፤ አንድ ድፍን ሰሃን ኡጋሊ ብቻውን ይህን ይሞላዋል። የእኛ አገር ጤና ባለሙያዎች ይህን ሥርዓት በሕፃናት ላይ አሳምረው ያውቁታል፦ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ሕፃን መጀመሪያ ኤፍ 75 ወተት ይሰጠዋል፣ ኤፍ 100 እና ፕላምፒነት ኋላ ይመጣሉ። ያንን እውቀት ለእስር ቤት ጠባቂ በአንድ ገጽ ጽፎ መስጠት ይህን ያህል የሚከብድ አይመስለኝም።

እስር ቤቱ ደርሶም ረሃቡ ላያበቃ ይችላል። በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ባለው ማውላ እስር ቤት ድንበር የለሽ ሐኪሞች ድርጅት በ2007 ዓ.ም. ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸው ኢትዮጵያውያን ታስረው በምግብ እጥረት ሲጎዱ አይቶ ነበር። በማላዊ እስር ቤቶች የተለመደው ምግብ በቀን አንድ ጊዜ የሚቀርብ ንሲማ፣ ማለትም እንደ ኡጋሊ ያለ የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ተፈትጎ ከተፈጨ በቆሎ የተሠራ ከሆነ አብዛኛው ታያሚን ከተወገደው ክፍል ጋር ሄዷል።

ስለዚህ ከእስር ወጥቶ ሆሳዕና የገባን ልጅ እናት ቡላ በቅቤ አዘጋጅታ ስትቀበለው፣ ገና ካልጠነከረ ሰሃኑን ማሳነስ ይሻላል። ድንገት እግሩ ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረው ወይም ንግግሩ ከተምታታ ነገ የሚባል ነገር የለም። በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል መውሰድ፣ ስንት ቀን እንደተራበና መቼ መብላት እንደጀመረም ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገረው የምግብ መመረዝ ሊመስለው ይችላል።