«ፈረሕ»፣ «ፈላሕ»፣ «ቡሽራ»፦ ለዒድ ደስታ የትኛው ቃል?

ረመዳን ሊሰናበተን ነው። ጨረቃ ታየች ሲባል ከአፋችን የሚወጣው ቃል ምን ይሆን? አረብኛ ለደስታና ለድል ብዙ ቃላት አሉት፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም።

ከ«ፈረሕ» እንጀምር። ለአማርኛ ጆሮ «ፍርሃት»ን ቢያስታውስም ትርጉሙ ደስታ ነው። ጾመኛ ሁለት ደስታዎች እንዳሉት፣ አንዱን ሲያፈጥር ሌላውን ጌታውን ሲገናኝ እንደሚያገኝ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩት በዚህ ቃል ነው። ቁርኣን ግን የቃሉን ሁለት ፊት ያሳየናል። በሱረቱል ቀሰስ፣ የካዝናው ቁልፎች ለብርቱ ሰዎች እንኳ ይከብዱ የነበሩት ቃሩን እንዳይፈነጥዝ ወገኖቹ መክረውታል። በሱረቱ ዩኑስ ደግሞ ሰዎች በአላህ ችሮታና እዝነት እንዲደሰቱ ታዘዋል። በሁለቱም ቦታ ቃሉ አንድ ነው፤ የሚለያየው የተደሰቱበት ነገር ነው።

በቀን 5 ጊዜ ሙአዚኑ ወደ «ፈላሕ» ይጠራናል። «ስኬት» ወይም «መዳን» እንለዋለን። ሥሩ መሬት መሰንጠቅ፣ ማረስ ነው፤ «ላ» ጠብቆ ሲነበብ ገበሬ ማለት ነው። የገጠር ልጅ ይህ ቶሎ ይገባዋል፤ ያላረሰ ምን ያጭዳል? «ፈውዝ» የሚለውን ደግሞ ዛሬ በአረብኛ የኳስ ስርጭት ላይ ለአሸናፊው ቡድን ሲባል እንሰማዋለን። በቁርኣን ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ከእሳት ተርፎ ጀነት ለገባ ሰው ነው።

እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው «ቡሽራ»ን ነው። የእኛ «ብሥራት» ከዚሁ ሥር ነው፤ ሙስሊሙ ልጁን በሺር፣ ክርስቲያኑ ብሥራት ሲል ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። የቋንቋ ሊቃውንት ቃሉን ከ«በሸራ»፣ ማለትም ከቆዳ ጋር ያያይዙታል፤ በፊት ገጽታ ላይ የሚታይ ዜና እንደማለት። ይህን ለማየት የከዕብ ኢብን ማሊክን (ረ.ዐ) ታሪክ ማንበብ ነው። ከዕብ ያለ በቂ ምክንያት ከተቡክ ዘመቻ ቀርቶ፣ ሐሰት ሳይቀላቅል እውነቱን በመናገሩ፣ 50 ሌሊት ሰው ሳያናግረው ቆየ። በ50ኛው ንጋት ቤቱ ጣሪያ ላይ ሳለ ከሰልዕ ተራራ የምሥራች የሚያሰማ ድምፅ መጣለት። በፈረስ የተላከም ነበር፤ ድምፁ ግን ቀደመው። ከዕብ ሱጁድ ወረደ። አብሳሪው ሲደርስ የለበሳቸውን ሁለት ልብሶች አውልቆ ሰጠው፤ በዚያን ቀን ሌላ ስላልነበረው ተውሶ ለብሶ ወደ ነቢዩ ሄደ። ጦልሐ (ረ.ዐ) ተነሥቶ እየሮጠ ጨበጠው። የነቢዩም ፊት በደስታ እንደ ጨረቃ ያበራ ነበር።

ስለ ድል ስናነሳ «ፈትሕ» ይመጣል፤ ጥሬ ትርጉሙ መክፈት ነው። በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ ሙስሊሞች ዑምራ ሳያደርጉ ከሑደይቢያ ሲመለሱ ብዙዎቹ እንደተሸነፉ ቆጥረውት ነበር። ሱረቱል ፈትሕ የወረደው በዚያ ጉዞ ላይ ነው። ከ2 ዓመት በኋላ፣ በረመዳን፣ መካ ተከፈተች። ነቢዩ አንገታቸውን ደፍተው እንደገቡ ተዘግቧል። ያን ቀን ከዕባ ላይ ወጥቶ አዛን ያሰማው ሐበሻዊው ቢላል (ረ.ዐ) ነበር። ሱረቱ ነስርም ድል ሲመጣ የሚያዘው ማወደስንና ምሕረት መለመንን ነው።

ይህን የማነሳው በምክንያት ነው። አንዳንድ ወጣቶች ተክቢራን በጎረቤት ላይ እንደ ፉከራ ሲያሰሙት እሰማለሁ። ተክቢራ «አላህ ታላቅ ነው» ይላል፤ «እኛ» የሚል ቃል የለበትም። ደስታ አይገለጽ ማለቴ አይደለም። በዒድ ቀን ሐበሾች በነቢዩ መስጂድ ጦርና ጋሻ ይዘው ሲጫወቱ ነቢዩ አበረታተዋቸዋል፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) እስክትጠግብ ድረስ አብረዋት ቆመው አሳይተዋታል። መንዙማውም እልልታውም ይቅለጥ።

ሶሓቦች በዒድ ሲገናኙ «ተቀበለላሁ ሚና ወሚንኩም» ይባባሉ ነበር፤ አላህ ከእኛም ከእናንተም ይቀበለን ማለት ነው። ሰላምታው ራሱ ልመና ነው። ዘካተል ፊጥርም ከዒድ ሶላት በፊት ለድሃው መድረስ አለበት፤ በነፍስ ወከፍ 1 ሷዕ፣ ማለትም ከ2.5 እስከ 3 ኪሎ የሚሆን እህል። ከሶላት በኋላ ከተሰጠ እንደ ማንኛውም ምጽዋት ይቆጠራል፤ ስለዚህ ዛሬ ማታ ለቤተሰቡ ያልሰፈረ አባወራ ካለ ጊዜው ገና አላለፈበትም።