ዶሮ ከማን ወገን ናት?

የዛሬው ንግግራችን ስለ ወፎች ዘር አመጣጥ ነው። ይህንኑ በጽሑፍ የምታነቡም ቀስ ብላችሁ ተከተሉን፤ ጥቂት እንግዳ ስሞች አሉበት። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠራው።

ዶሮ በልቶ የሚያውቅ ሳይሆን ዶሮ በልታ የምታውቅ ሴት፣ ማለቴ ቢላዋ ይዛ የበለተች፣ ነገሩን ቶሎ ትረዳዋለች። ከዶሮዋ አንገት ሥር፣ ደረቷ ላይ፣ እንደ ባላ የተሰነጠቀች ቀጭን አጥንት አለች። እኛ ሰዎች ከአንገታችን ሥር ግራና ቀኝ ሁለት አጥንቶች አሉን። በወፍ ግን ሁለቱ ተጋጥመው አንድ ባላ ሆነዋል። ይህችን አጥንት ያዙልኝ፤ ሊቃውንትን ብዙ ዘመን ያከራከረች እሷ ናት።

ዳይኖሰር የሚባሉት እንስሳት በጣም ጥንት የኖሩ ናቸው። አንዳንዱ ከዝሆን ይበልጥ ነበር፤ አንዳንዱ ደግሞ ዶሮ ቢያክል ነው። በዓይኑ ያያቸው ሰው የለም። ታዲያ በምን ታወቁ? ሲሞቱ አንዳንዶቹ በጭቃና በአሸዋ ተቀበሩ። በረጅም ዘመን ጭቃውም አጥንቱም ድንጋይ ሆነ። እንዲህ ያለው ቅሪተ አካል ይባላል።

በ1861 በጀርመን አገር፣ ዞልንሆፈን አካባቢ፣ ድንጋይ ከሚፈለጥበት ቦታ የተገኘ አንድ አጽም ታወቀ። ዕድሜው 150 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ላባው በድንጋዩ ላይ እንደ ማኅተም ታትሟል። ወፍ ነው እንዳይባል ጥርስ አለው፣ ክንፉ ላይ ባለ ጥፍር ጣቶች አሉት፣ እንደ እንሽላሊት ረጅም የአጥንት ጅራት አለው። እንሽላሊት ነው እንዳይባል ደግሞ ላባው! ስሙን አርኪዮፕትሪክስ አሉት፤ ጥንታዊ ክንፍ ማለት ነው። ቶማስ ሄንሪ ሃክስሊ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1868 ወፎችና ዳይኖሰሮች ዘመድ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ጻፈ።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ግን በ1926 ጌርሃርድ ሃይልማን የተባለ የዴንማርክ ሰው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አወጣ። ሃይልማን ተመሳሳይነቱን አልካደም። እንዲያውም በዝርዝር አሳየ። ነገር ግን፣ አለ፣ ዳይኖሰሮች ያቺ የደረት አጥንት የላቸውም፤ አንዴ የጠፋ አጥንት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም፤ ስለዚህ ወፍ ከነሱ አልመጣም። ክርክሩ የረጋ ይመስላል አይደል? ሰውም አመነው፤ ነገሩ ለአርባ ዓመት ያህል ተዘጋ።

የሚገርመው ግን አጥንቷ በዚያን ጊዜ ተገኝታ ነበር። በ1923 በሞንጎሊያ የጎቢ በረሃ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የአንድ ዳይኖሰር አጽም ከእንቁላሎች አጠገብ አገኙ። እንቁላል ሊሰርቅ መጥቶ ሞቷል ብለው ኦቪራፕተር አሉት፤ እንቁላል ነጣቂ እንደማለት ነው። ባላዋ አጥንት በዚያው አጽም ላይ ነበረች። ግን ሌላ አጥንት ናት ተብላ ተመዘገበችና ማንም ልብ አላላትም። ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ማንነቷ የታወቀው። ስሙም ቢሆን ስም ማጥፋት ነበር። በ1993 እዚያው ጎቢ በተገኘ ተመሳሳይ እንቁላል ውስጥ የዚሁ ወገን ጽንስ ታየ። ቀጥሎም እንደ ዶሮ እንቁላሉን ታቅፎ የሞተ ዘመዱ ተገኘ። እንግዲህ ሌባ የተባለው ወላጅ ሳይሆን አይቀርም።

የተዘጋውን ክርክር የከፈተው ጆን ኦስትሮም የተባለ አሜሪካዊ ነው። በ1964 በሞንታና ክፍለ ሀገር ዳይኖኒከስ የተባለውን ዳይኖሰር አገኘ። የዚህ እንስሳ የእጅ አንጓ ላይ ግማሽ ጨረቃ የምትመስል አጥንት አለች። በእሷ ምክንያት እጁ ወደ ጎን ይታጠፋል። ዶሮ ክንፏን ሰብሰብ ስታደርግ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ ነው። ኦስትሮም ይህንኑ አጥንት በአርኪዮፕትሪክስም ላይ አየ።

አንድ ነገር ልጨምር። በ1951 በዚያው በጀርመን የተገኘ አንድ የአርኪዮፕትሪክስ አጽም ሃያ ዓመት ያህል ትንሽ ዳይኖሰር ነው ሲባል ቆይቷል። የላባው ምልክት ደብዛዛ ስለነበረ ነው። አጥንቱን ብቻ ያየ ሊቅ ከዳይኖሰር ካልለየው፣ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

መጣ ግን። በ1996 በቻይና፣ ሊያኦኒንግ በተባለ ክፍለ ሀገር፣ አንድ ገበሬ ያገኘው ትንሽ ዳይኖሰር ከአናቱ እስከ ጅራቱ ጭገር የመሰለ ላባ ነበረው። መብረር አይችልም። ስለዚህ ላባ መጀመሪያ የወጣው ለመብረር አይደለም ማለት ነው፤ ለሙቀት ወይም ለጌጥ ሊሆን ይችላል። በኋላ ሊቃውንት በላባው ውስጥ የቀሩትን የቀለም ቅንጣቶች በማጉያ መሣሪያ መርምረው፣ ጅራቱ ቀይ ቡናማና ነጭ ዥንጉርጉር እንደነበረ በ2010 ገለጹ።

ዳይኖሰር ዶሮን ወለደ ማለት ግን አይደለም። ለውጡ ብዙ ሚሊዮን ዓመት የፈጀ፣ ትውልድ በትውልድ ጥቂት በጥቂት የሆነ ነው። ወፎች የመጡትም በሁለት እግራቸው ከሚሄዱት ሥጋ በል ዳይኖሰሮች ከአንዱ ቅርንጫፍ ነው። ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ትልቅ የሰማይ ድንጋይ ምድርን ሲመታ ሌሎቹ ዳይኖሰሮች አለቁ። ከወፎችም ብዙዎቹ ጠፉ፤ ጥቂቶች ተረፉ። ዶሮም፣ ሰጎንም፣ ጥንብ አንሳም የነዚያ ልጆች ናቸው።

ለዛሬው በዚሁ እናብቃ።